ደንበኛዬ የት ጠፋ?

ጥያቄ፦ በግሌ የምሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ደንበኞቼ ሥራዬን ወደውት፣ አመስግነውኝ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬያቸውም አይሰማም። ቅናሽ ላድርግ እንዴ?

መልስ፦ ቅናሹን ለጊዜው ተዪው፤ አንዴ ከለመዱት ሙሉ ዋጋሽ ውድ ይመስላቸዋል። ለመሆኑ ስንቱ እንደተመለሰ በትክክል ታውቂያለሽ? ብዙዎቻችን በግምት ነው የምንኖረው (እኔም እንደዚያው ነበርኩ)። ኤክሴል ክፈቺና ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር ስጪው፤ ስም፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሥራ ቀን፣ ስንት ጊዜ እንዳሠራሽ፣ ጠቅላላ ክፍያ፣ በማን በኩል እንደመጣ። ከ20 ደንበኞች 5ቱ ደግመው ካሠሩሽ 25 በመቶ ነው፤ ቁጥሩን በየ6 ወሩ አወዳድሪው።

አንድ ዓምድ ደግሞ ጨምሪ፦ «ቀጥሎ መቼ ልጻፍለት?» ዋናው እሱ ነው። ሎጎ የሠራሽለት ሰው ከወር በኋላ ቢዝነስ ካርድ ሊፈልግ ይችላል፣ ግን አንቺን ለማስታወስ ጊዜ የለውም። «ሰላም ነው? ሥራ አለ?» አትበይው፤ ልመና ይመስላል። «ሎጎው ጥቁር መደብ ላይ እንዴት ሆነ? ፋይሎቹ እኔ ጋ ስላሉ ለካርዱ ከዜሮ አንጀምርም» በዪው። በየወሩ ሥራ የሚልክልሽ ካገኘሽ በወር ቋሚ ክፍያ ተስማሙ። በክፍያ ሲያጉላላሽ የከረመው ግን፣ እባክሽ፣ ይቅርብሽ።