ኤስፒኤስኤስ የግድ ነው? ለቴሲስ ጸሐፊዎች ጥያቄና መልስ

የቴሲስ ወቅት ስለሆነ ነው መሰለኝ ስለ ኤስፒኤስኤስ፣ ማለትም በክፍያ ስለሚገኘው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ ጥያቄው በዝቷል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ኤስፒኤስኤስ መግዛት አልችልም። ክራክ የተደረገው ደግሞ ላፕቶፔን በቫይረስ ሞላው። ምን ይሻለኛል?

ክራኩን እርሳው ወንድሜ። ጃሞቪ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አውርድ። ነፃ ነው፣ የኤስፒኤስኤስን ፋይል ይከፍታል፣ ሥራው ሁሉ ሜኑ እየነኩ ነው። መማሪያ ከፈለግህ የዳንየል ናቫሮና የዴቪድ ፎክስክሮፍት «ለርኒንግ ስታቲስቲክስ ዊዝ ጃሞቪ» አለልህ፤ ፒዲኤፉ በነፃ ይወርዳል። አማካሪህ የኤስፒኤስኤስ ሲንታክስ (በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ) ካላየሁ የሚል ከሆነ፣ ይህንኑ ሲንታክስ የሚቀበለውን ነፃ ሶፍትዌር ፒኤስፒፒን ሞክር። መልኩ ያረጀ ነው፣ ሥራው ግን አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁ። «አር ፎር ዴታ ሳይንስ» ይበቃኛል?

ጥሩ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሁለተኛ እትም ሙሉው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። ግን ልብ በይ እህቴ፣ የሚያስተምርሽ ዳታ ማጽዳትና ግራፍ መሥራት ነው። ቲ-ቴስትና ሪግሬሽን (ቡድን ማወዳደሪያና ግንኙነት መለኪያ ስሌቶች) ፈልገሽ ከከፈትሽው ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። ለዚያ የናቫሮን «ለርኒንግ ስታቲስቲክስ ዊዝ አር» ያዢ። እሱም ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ በከተማችን 2,000 ነጋዴዎች አሉ። በያማኔ ቀመር ናሙናዬ 334 ወጣ። ልክ ነኝ?

ስሌቱ ልክ ነው። የስህተት ህዳጉ (ግምትህ ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት መጠን) 5 በመቶ ሲሆን የቀመሩ አካፋይ 1 + 2,000 × 0.05 × 0.05 = 6 ነው። 2,000ን ለ6 ስታካፍል 333.3 ይመጣል፤ ወደ ላይ ስታጠጋጋው 334። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ቀመር ሁሉም ሰው ከቀድሞ ቴሲስ ይገለብጠዋል፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። የስህተት ህዳጉን 5 በመቶ ካደረግከው፣ ሕዝቡ አሥር ሚሊዮን ቢሆን እንኳ መልሱ ከ400 አያልፍም። ቀመሩ የተሠራው አንድን መቶኛ ለመገመት ነው፤ ለምሳሌ ብድር የወሰዱት ስንት በመቶ ናቸው ለሚል ጥያቄ። ያውም ሁሉም ነጋዴ እኩል ዕድል ኖሮት በዕጣ ሲመረጥ።

አንተ መጀመሪያ ሦስት ቀበሌ መርጠህ ከዚያ ነጋዴ ከመረጥክ ነገሩ ይለወጣል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ የበለጠ ናሙና ያስፈልግሃል። ሴትና ወንድ ነጋዴዎችን ለማወዳደር ካሰብክም ለየቡድኑ የሚበቃ ቁጥር አስላ። መጠይቁን የማይመልሱትንም አትርሳ። ሶፍትዌሩ ይህን አይነግርህም፤ የሰጠኸውን ዳታ ተቀብሎ ውጤት ያወጣልሃል። ስለዚህ ምንም ከመጫንህ በፊት የአኖል ባታቸርጂን «ሶሻል ሳይንስ ሪሰርች» አንብብ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነፃ መጽሐፍ ነው። አጭር ነው፤ ስለ ናሙና የሚያወራው ምዕራፍ ብቻውን ከብዙ ጣጣ ያድንሃል።

ጥያቄ፦ የምሠራው አሥር ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ሶፍትዌር ያስፈልገኛል?

አያስፈልግሽም። ኤክሴል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለመለማመጃ እውነተኛ የኢትዮጵያ ዳታ ከየት ላግኝ?

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱን ዳታ ከዲኤችኤስ ፕሮግራም (ጥናቱን በብዙ አገሮች ከሚያግዘው ተቋም) ድረ ገጽ ጠይቅ። እ.ኤ.አ. የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 ዙሮች አሉ። ትመዘገባለህ፣ ለምን እንደፈለግከው በአጭሩ ትጽፋለህ፤ ክፍያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2025 አገልግሎቱ ተቋርጦ ስለነበር ግን ምዝገባው ክፍት መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጥ። የኑሮ ሁኔታ ዳታ ከሆነ የምትፈልገው፣ የዓለም ባንክ ድረ ገጽ ላይ የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ሰርቬይን ፈልግ። በዲኤችኤሱ የሴቶች ፋይል ላይ ክብደቱ (ናሙናው ሕዝቡን እንዲወክል መልሶቹን የሚያመዛዝነው ቁጥር) «ቪ005» (V005) በሚል ስም ተቀምጧል። ከመጠቀምህ በፊት ለ1,000,000 አካፍለው።