ልጄን ለገዳም ተስያለሁ፤ እሷ ግን እምቢ አለች

ጥያቄ፦ ልጄ በሕፃንነቷ ታማ ሳለች «ብትድንልኝ ለገዳም እሰጣታለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። አሁን 17 ዓመቷ ነው፤ አልመነኩስም አለች። ይባስ ብላ አርካንጄላ ታራቦቲ የምትባል የቬኒስ መነኩሲት፣ ተገደው ስለሚመነኩሱ ሴቶች የጻፈችውን እየጠቀሰች ትሞግተኛለች። ሴትዮዋ ምንኩስናን የምትሳደብ ትመስለኛለች። ስለቴን ባላደርስስ ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለት እንደማይናቅ ታውቂያለሽ፤ እሱን አልፈዋለሁ። ብዙ እናቶች ግን መጥተው «ሐና ሳሙኤልን ሰጥታ የለ? እመቤታችንስ በ3 ዓመቷ ቤተ መቅደስ ገብታ የለ?» ይሉኛል። ሳሙኤል እኮ በቤተ መቅደስ አደገ እንጂ አልመነነም፤ ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ልጆች ነበሩት (1ሳሙ. 8፥2)። እመቤታችንንም ወላጆቿ ሰጧት፤ እግዚአብሔር ግን በእነሱ ስጦታ የእሷን ፈቃድ አልዘለለም። መልአኩን ልኮ ለራሷ ነገራት። «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ያለችው እሷ ናት (ሉቃ. 1፥38)፤ ሐናና ኢያቄም አልመለሱላትም። ጌታ የጠየቀውን ፈቃድ እኔና አንቺ ማን ሆነን ነው የምንዘለው?

አሁን ወደ መነኩሲቷ ልምጣ። በ1604 እ.ኤ.አ. ተወለደች፤ እንደ አባቷ እግሯ ያነክስ ነበር። ገና በ13 ዓመቷ ገደማ ሳንታና ገዳም አስገቧት። በዚያ ዘመን በቬኒስ ሙሽራ ይዛ የምትሄደው ሀብት ቤተሰብ ያራቁት ነበር፤ ገዳም የሚቀበለው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ አባቶች አንዷን ይድሩና የቀሩትን ያስመነኩሳሉ። ሒሳብ ነበር እኅቴ፤ ስሙን ግን መንፈሳዊ አደረጉት። የራሳቸው የካቶሊኮች ጉባኤ፣ የትሬንቱ፣ በ1563 ሴትን አስገድዶ የሚያስመነኩስን አውግዞ ነበር፤ ማን ሰማ!

አርካንጄላ የጻፈችው ይህን ነው፦ ነፃ ፈቃድን እግዚአብሔር ለወንድም ለሴትም ሰጥቷል፤ የሚነጥቅ አባት ከሰጪው ጋር ይጣላል። ብዕሯ ይናደፋል፤ አልደብቅሽም። መጽሐፉ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ በ1654 ታተመ፤ ሮምም ከከለከለቻቸው መጻሕፍት ጋር መዘገበችው። ምንኩስናን ግን አልተሳደበችም። ወደው ለሚመንኑት ገዳም ገነት ነው ብላ በ1643 መጽሐፍ አሳትማለች፤ ራሷም እስክትሞት እዚያው ገዳም ኖራለች።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ልትመንን ብትወጣ ባሏ ተከትሎ መልሷት ነበር። እሷ ግን እንደገና ሄደች። ያችኛዋ ሳትፈልግ ገባች፣ ይህችኛዋ ፈልጋ ተከለከለች፤ በሁለቱም ላይ የፈረደው ሌላ ሰው ነው።

ስለትሽን በተመለከተ ዘሌዋውያን 27ን አንብቢ። ሰውን የተሳለ ዋጋውን ከፍሎ እንዲቤዥ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ላለች ሴት 10 ሰቅል ይላል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ከራስሽ ስጪ፤ ወርቅሽን ወይም ጉልበትሽን፣ እሳቸው እንዳዘዙሽ። የተሳልሽው አንቺ ነሽና። ልጇ ራሷን ባመማት ቁጥር «ስለቱ ነው» የምትል እናት አውቃለሁ፤ አንቺ እንዲህ አትበያት።