ባሕር ዳር ላይ ለዛ ያለው ማረፊያ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት

ከውጭ አገር ለእረፍት ወደ ጎጃም የሚመጡ ወዳጆቼ ስለ ማረፊያ የሚጠይቁኝ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ የዘመድ ስጦታ በየሻንጣው ከታጨቀ በኋላ፣ በመጨረሻዋ ሳምንት ነው። ባልና ሚስት ከልጅና ከዘመድ ተለይተው ሦስት ወይም አራት ሌሊት በባሕር ዳር ለማሳለፍ ካሰቡ ግን ይህ ጥያቄ ከሁሉ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በዓመታት አንዴ የምትገኝ የሁለት ሰው ጊዜ ናትና በማይሆን ክፍል ውስጥ ካለፈች የሚተካት የለም። እኔና ባለቤቴ ከ17 ዓመት የስደት ኑሮ በኋላ የጋብቻችንን 20ኛ ዓመት ለማክበር ስንመጣ ሆቴላችንን የመረጥነው ፎቶግራፍ አይተን ነበር። ሕንፃው አዲስ፣ አልጋው ንጹሕ፣ ሠራተኞቹም ትሑታን ነበሩ። ነገር ግን መጋረጃውን ስንገልጥ ፊት ለፊታችን የቆመው የሌላ ሕንፃ ጀርባ ነበር፤ ጣናን ለማየት ባጃጅ መያዝ ነበረብን። ባለቤቴ «ይህማ እዚያው ከምንኖርበት ከተማ ያለ ክፍል ነው» ስትል የተሰማኝን ቅሬታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለዛ ያለው ማረፊያ የምለው ከቦታው ቢነሣ ሌላ ከተማ ላይ ሊቆም የማይችለውን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዘንባባ በጥላው የሚያስተናግደው ሰፊ ጎዳና፣ ከደንገል የተሠራች ታንኳ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ይብራ፣ ማታ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የእርሷ መለያ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ወደ ግቢው ያላስገባ ሆቴል የቱንም ያህል ኮከብ ቢኖረው ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ አልመርጠውም፤ ኮከቡ ስለ ዕቃውና ስለ አገልግሎቱ እንጂ ስለ ግቢው ጥላ አይነግራችሁም። በሐይቁ ዳር ጊዮንና ጣና ሆቴል የቆዩ ስሞች ናቸው፤ ኩሪፍቱ ደግሞ ከእነርሱ ኋላ የመጣ ነው። ስም ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማረፊያ በባለቤትና በእድሳት ስለሚለዋወጥ ዛሬ በምን ይዞታ ላይ እንዳለ በቅርቡ ያረፈበትን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ ከአዲስ ፎቅ አናት ላይ ካለ ክፍል ይልቅ በረንዳው ወደ ዛፍና ወደ ውሃ የሚከፈት የምድር ቤት ክፍል እመርጣለሁ፤ የምመርጠውም የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በደንብ የሚሠራ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። ያረጀ ሁሉ ለዛ አለው ማለት አይደለም።

ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ከሪሴፕሽኑ ጋር በቀጥታ ተነጋገሩ። «ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል» የሚለው አነጋገር አንዳንዴ በረንዳው ጥግ ላይ ቆሞ አንገትን ማስገግን ይጠይቃልና የክፍሉን ቁጥር ጠይቃችሁ ከመስኮቱ የሚታየውን በቴሌግራም በቪዲዮ እንዲልኩላችሁ ለምኑ፤ ደግ ሠራተኛ ይህን አይነፍግም። ከተማዋ በሐይቁ ደቡብ ስላለች ውሃው የሚዘረጋው ወደ ሰሜን ነው፤ ብዙዎቻችን የምንመጣበት የታኅሣሥና የጥር ፀሐይ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጠግታ ስለምትገባ፣ ከውሃው ላይ ስትጠልቅ ለማየት ያለመ ሰው በረንዳው ወዴት እንደሚመለከት ካልጠየቀ ጀምበሯ ከዛፍና ከቤት ጀርባ ልትሰወርበት ትችላለች። አልጋውንም ቢሆን አንድ ሰፊ አልጋ እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ፤ ሁለት ጠባብ አልጋ ያለው ክፍል ለሁለት ሰው ተብሎ መሰጠቱ የተለመደ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ሠርግ ነው። የሐይቁ ዳር ግቢዎች ውበታቸው ለእናንተ ብቻ የታየ አይደለም፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው የጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ለፎቶግራፍም ለድግስም ወደዚያው ይጎርፋሉ። ሠርግ ማየት ለናፈቀው ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ እስክስታው፣ እልልታው፣ የሙሽሪት እናት ዕንባ ሁሉ አንጀት ይበላል። ይሁን እንጂ ድምፅ ማጉያው ከመስኮታችሁ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ተተክሎ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጮኽ ለሁለት ሊያወሩ የመጡ ሰዎች እርስ በርስ መሰማማት ይሳናቸዋል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ግዴታ በሰንበት ከሆነ ደግሞ በግቢው የተያዘ ድግስ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሥራ ቀናትም ቢሆን ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ በመሆኗ የመሥሪያ ቤት ስልጠናና ስብሰባ አይጠፋባትም፤ አዳራሹ በሰልጣኝ በሚሞላበት ሳምንት የቁርሱ ሰልፍ ረጅም ነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ እንደሆነ፣ ውሃ ሲቋረጥ የሚተካ ታንከር መኖሩን፣ አልጋው ላይ አጎበር መኖሩን ማወቅ አስፈላጊ ነው። ባሕር ዳር የወባ አካባቢ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትንኙ ይበረታልና ከምትኖሩበት አገር ሐኪም ጋር ሳትመክሩ አትምጡ። እዚሁ ተወልዶ ያደገም ቢሆን ውጭ ብዙ ከቆየ በኋላ እንደ ቀድሞው አይቋቋመውም። ዋጋውን በሚመለከት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ በተነገራችሁ ቁጥር ውስጥ መካተታቸውን፣ ቁርስም ለሁለት ሰው መሆኑን አስረግጡ። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ይዛችሁ የአገር ልጅ ዋጋ ይኖር እንደሆነ ክፍሉን ስትይዙ እንጂ ስትወጡ አትጠይቁ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቆየው ግጭት መንገዱንም የከተማውንም ሰዓት ስለለዋወጠ፣ መሰረዝ የሚቻልና ገንዘብ የሚመልስ ቀጠሮ ብቻ ያዙ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዓባይ በረሃና በደብረ ማርቆስ የሚያልፈው መንገድ ግን ምንም ያህል ቢናፍቃችሁ በምትሄዱበት ሳምንት ያለውን ሁኔታ ከቦታው ሰው ሳታጣሩ አትጀምሩት። ሰዓት እላፊ ካለ እራቱ በሆቴሉ ስለሚሆን ወጥ ቤቱ ምን እንደሚያወጣ ማወቁም ይጠቅማል።

ሆቴሉ ከጀልባ መነሻው አጠገብ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው። ጣና ጠዋት የተኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታልና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም በመሆኑ ጥንዶች አስቀድመው ይህን ካላወቁ አንዳቸው ጀልባው ላይ መቅረታቸው ነው። ዘጌ ግን ለሁለታችሁም ክፍት ናት፤ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይታችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ስትመለሱ፣ በገዳሙ መሥራች በአቡነ በትረ ማርያም ትውፊት መሠረት በሬ የማይጠመድበት ምድር ላይ መሆናችሁን አስቡ። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ስለቀነሰ በነሐሴና በመስከረም ካልሆነ እንደ ልጅነታችሁ ትዝታ ላታገኙት ትችላላችሁ። ማታ ማታ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግር ጉዞ ደስ ይላል።

አሁን ብዙዎቻችን ልናነሣው ወደምንፈራው ጉዳይ ልምጣ። ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር በእኛ አገር ቅሬታ ያመጣል፤ «ምን አጥፍተን ነው? አልጋችን ቆሻሻ ነው?» የሚሉ እናት ልባቸው እውነት ይሰበራል። እኔ ይህን የፈታሁት በመዋሸት አይደለም። ከዚያ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዳግም ስንመጣ፣ መጀመሪያ ወላጆቻችን ዘንድ አንድ ሳምንት ሙሉ አደርን፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠይቆ፣ ለሞቱት ለቅሶ ከተደረሰ በኋላ ለእናቴ «እትዬ፣ ሦስት ቀን እኔና ባለቤቴ ብቻችንን እንሁን፤ ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ያለ ጊዜ አላገኘንም» ብዬ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ቆይተው «በሉ እንግዲያ፣ ግን ምሳ እዚሁ ትመጣላችሁ» አሉ። እኔ ግን እርሳቸውን ወደ እኛ ጠራኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ፣ ከውሃው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ጠረጴዛ አስቀድሜ አስይዤ፣ ወላጆቻችንን በሙሉ ምሳ ጋበዝናቸው፤ ቀረሶ ተጠብሶ ቀረበ። እናቴ ዓሣውን በእጃቸው እየፈለፈሉ ለባለቤቴ አጎረሷት፤ ከዚያ ቀና ብለው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩና ያረፍንበትን ክፍል ማየት ፈለጉ። በረንዳው ላይ አስቀመጥናቸው፤ ፀሐይ እስክትበርድ ድረስም አልተነሡም።