ነጥብ ከመቁጠርህ በፊት ዲግሪህን አስመዝን

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 33 ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ባንክ ቤት በካሸርነት፣ ከዚያ አራት ዓመት ኮንትራክተር ጋ በሙያዬ ሠርቻለሁ። አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 አምጥቻለሁ፤ ጀርመንኛ አልችልም። አንድ ደላላ ለጀርመኑ ቻንሰንካርተ (እዚያ ሄዶ ሥራ ለመፈለግ ለሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ) የሚያስፈልገው 6 ነጥብ ሞልቶልሃል ይለኛል። እውነት ነው? ፍራንክፈርት አክስት አለችኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልሞላልህም። ደላላው የቆጠረልህ ለዕድሜ 2፣ ለልምድ 3፣ ለእንግሊዝኛ 1 መሆን አለበት። የዕድሜው ልክ ነው። ልምድ 3 የሚያሰጠው ግን ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ከተማርከው ሙያ ጋር የሚገናኝ የ5 ዓመት ሥራ ሲኖርህ ነው፤ የባንኩ ዓመት አይገባም። አሁን ያለህ 2 ነጥብ ነው። አይኤልትስ 6.5 ደግሞ ከኤ1 ጀምሮ እስከ ሲ2 በሚወጣው የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ ቢ2 ነው። ቢ2 እንግሊዝኛ ወይም ኤ1 ጀርመንኛ ለማመልከት ብቻ ያበቃል፤ ነጥብ የሚያመጣው ሲ1፣ ማለትም 7 እና ከዚያ በላይ ነው። ደላላው የዘለለውም አለ፦ ምህንድስና የሰው እጥረት ካለባቸው ሙያዎች ስለሚመደብ 1 ይጨመርልሃል። ድምሩ 5።

ይህ ሁሉ ቆጠራ ግን ላያስፈልግህ ይችላል። ካርዱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ በነጥብ፣ ሌላው ያለ ነጥብ። ዲግሪው ከጀርመን ዲግሪ ጋር የሚነጻጸር ሆኖ የተገኘ ሰው እንደ ባለሙያ ስለሚታይ ነጥብ አይጠየቅም። ይህን የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ዲግሪዎች በተመዘገቡበት አናቢን በሚባለው ድረ ገጽ ታያለህ፤ በጀርመንኛ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲህ «ኤች ፕላስ» (እውቅና አለው) የሚል ምልክት፣ የዲግሪህ ዓይነት ደግሞ «ኤንትሽፕሪሽት» (ይዛመዳል) ወይም «ግላይሽቬርቲሽ» (እኩል ነው) የሚል ቃል ሊኖረው ይገባል። ሁለቱንም አትመህ ከማመልከቻው ጋር አያይዝ። አንዱ ከጎደለ ዜድ ኤ ቢ የተባለው የጀርመን መሥሪያ ቤት በ208 ዩሮ ዲግሪህን መዝኖ ማረጋገጫ ይሰጣል። ለደላላ ልትከፍል ያሰብከውን እዚህ ላይ አውለው። (ነርስ ብትሆን መንገዱ ሌላ ነበር፤ እሱ ሙያ ጀርመን ውስጥ የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል።)

በነጥብ መሄድ ግድ ከሆነ ኤ2 ጀርመንኛ 1፣ ቢ1 2 ይጨምርልሃል። በሥራህ ላይ አንድ ዓመት ብትቆይም ልምድህ 3 ነጥብ ይሆናል፤ ስለዚህ እየሠራህ ተማር። አይኤልትስን ደግመህ ከመፈተን ጀርመንኛውን እመርጥልሃለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ሳይት ላይ ከፎርማን ጋር የምትግባባው በእሱ ነውና። የምስክር ወረቀቱ ከጎተ ኢንስቲትዩት ወይም እንደ ቴልክ ካለ የታወቀ ፈተና ይሁን፤ የማንኛውም ቋንቋ ትምህርት ቤት ወረቀት ተቀባይነት የለውም። ከአሠሪህ የምታወጣው የሥራ ልምድ ደብዳቤም የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ የሥራ መደቡንና የሠራኸውን ዝርዝር ይያዝ። «መልካም ሠራተኛ ነበር» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ለነጥብ አይረዳም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገንዘቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ስሌት በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የታገደ የባንክ ሂሳብ) ውስጥ ማሳየት አለብህ። ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ዩሮ በባንክ ማስተላለፍ ከባድ ነው። አማራጩ አክስትህ በሚኖሩበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርበው የሚፈርሙት የዋስትና ሰነድ ነው። ከመለመንህ በፊት ግን ይህን ንገራቸው፦ ገቢያቸው ይመረመራል፣ መንግሥት ለአንተ የሚያወጣውን ወጪም ለአምስት ዓመት ሊጠየቁበት ይችላሉ። ጀርመን ውስጥ የከፊል ጊዜ ሥራ ውል ካገኘህም ከሚፈለገው ገንዘብ ላይ ይቀነስልሃል።

የብሔራዊ ቪዛ ክፍያው 75 ዩሮ ነው። ካርዱ ለአንድ ዓመት ያህል የሚሰጥ ሲሆን በሳምንት 20 ሰዓት ማንኛውንም ሥራ፣ በየአሠሪው ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት የሙከራ ሥራ ይፈቅዳል። አንድ ዓመት ግን ጀርመን ከደረሰ በኋላ ለሥራ ማመልከት ለሚጀምር ሰው አይበቃም። ሲቪህን አሁኑኑ መላክ ጀምር፤ የሙያህ ቋሚ ውል እዚሁ ሳለህ ከተገኘ ካርዱም ብሎክድ አካውንቱም ቀርቶ በቀጥታ የሥራ ቪዛ ታመለክታለህ።