ሐረጎ ላይ ለሚቆራረጥ ኢንተርኮም ምን ይሻላል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። «ጋሼ፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ለሥራ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ አንዳንዴም እስከ ወልዲያ በየሞተራችን እንሄዳለን። መንገድ ላይ ለማውራት ብለን ሁለት የሄልሜት ኢንተርኮም ከሰው ተውሰን ሞከርን። የኮምቦልቻ ደሴ መንገድ ዳገት፣ ሐረጎ ላይ፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ከውርጌሳ ወዲያ ወደ መርሳ ሲሆን ደግሞ መቆራረጡ ይቀርና ንፋስ ብቻ ይሰማናል። ባልደረባዬ ‹ሜሽ የሚባለውን ውዱን እንግዛ፣ ሁሉም ይስተካከላል› ይላል። እኔ ደግሞ ገንዘቡ ያሳሳኛል። አልፎ አልፎ ሦስተኛ ጓደኛ ይቀላቀለናል። ሄልሜታችን አገጭ የሚሸፍን ነው። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ያለብህ ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ተደርበው ስለመጡ ነው ዕቃው በሙሉ የማይረባ የመሰለህ። ሐረጎ ላይ ያስቸገረህ ሬዲዮው ነው። መርሳ መንገድ ላይ ያስቸገረህ ማይኩ ነው። ለመጀመሪያው ውድ ዕቃ ትንሽ ይረዳ ይሆናል። ሁለተኛው ግን በገንዘብ አይፈታም፤ ሄልሜቱን ጭን ላይ አስቀምጦ ትንሽ መነካካት ነው የሚፈልገው።

እነዚህ ዕቃዎች ሲምም ኔትወርክም አይፈልጉም። ብሉቱዝ ይሁኑ ሜሽ፣ ከሄልሜት ወደ ሄልሜት በቀጥታ ነው የሚነጋገሩት፤ ዋይፋይ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ። ይህ ሞገድ ሁለታችሁ ስትተያዩ ደህና ይሄዳል። አፈርና ድንጋይ ሲገጥመው ግን አለቀለት። የኮምቦልቻ ደሴን መንገድ ደግሞ ታውቀዋለህ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መሃል ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ በአንተና በባልደረባህ መካከል ተራራ ይገባል። እሱ ኩርባውን ዞሮ አንተ ገና ከሆንክ፣ በመካከላችሁ ያለው ርቀት መቶ ሜትር ባይሞላም ድምፁ ይጠፋል።

ካርቶኑ ላይ «1200 ሜትር» ወይም «2 ኪሎ ሜትር» የሚል ቁጥር ታያለህ። ያ ቁጥር ምንም ከለላ የሌለበትን ሜዳ ታስቦ የተጻፈ ነው። ሐረጎን ያየ ሰው አልጻፈውም። ስለዚህ ለርቀት ብለህ አንድ ብር አትጨምር።

አሁን ወደ ሜሹ። በተራው ብሉቱዝ ሞተረኞች የሚያያዙት በሰንሰለት ነው። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። መሃል ያለው ሰው ነዳጅ ሊቀዳ ቢቆም ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሜሽ ላይ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። አንዱ ቢወጣ ድምፁ በሌላው በኩል መንገድ ፈልጎ ያልፋል። የወጣውም ሲመለስ ምንም ሳይነካ ራሱ ይገባል። ካርዶ የሚባለው ኩባንያ ፓክቶክ በዚህ መንገድ እስከ 15 ሞተረኛ ያገናኛል። ሌላው ኩባንያ ሴናም የራሱ ሜሽ አለው። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ አላንኳስሳቸውም።

ግን ሜሽ ተራራ አይበሳም። እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየው ሦስተኛ ሰው ሲኖር ነው። ሦስተኛው ሰው ኩርባው አፍ ላይ ከደረሰ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ያያል። የእሱ ኢንተርኮም የአንዱን ድምፅ ተቀብሎ ለሌላው ያሻግራል። ሁለት ብቻ ስትሆኑ ማን ያሻግርላችሁ? ለሁለት ሰው የሜሽ ትርፉ፣ ድምፁ ጠፍቶ ስትተያዩ ቶሎ መልሶ መያያዙ ነው። ይህን ደግሞ ደህና ብሉቱዝም ይሠራዋል። አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ግን አንዴ ከጠፋ ቁልፍ ካልተጫንክለት አይመለስም። ጓንት አድርገህ፣ ኩርባ ላይ፣ ከኋላህ ሲኖትራክ እየነፋ ቁልፍ ፍለጋ አይታሰብም። ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ሲጠፋ ራሱ ይመለሳል ወይ?

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ያ ሦስተኛ ጓደኛችሁ በየጊዜው የሚመጣ ከሆነ፣ ሦስታችሁም ተስማምታችሁ የአንድ ኩባንያ ሜሽ ግዙ፤ ገንዘቡ ቦታውን ያገኛል። እንደጻፍከው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ግን ሜሹን ተዉት። ሦስት ወይም አራት ሰው እኩል የሚያነጋግር ደህና ብሉቱዝ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ ሁለት ፍሬ ግዙ።

«እኩል የሚያነጋግር» ያልኩት በምክንያት ነው። ርካሾቹ ካርቶን ላይ «6 ሞተረኛ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ስድስት ሰው መዝግቦ ይይዛል፣ በአንድ ጊዜ የሚያወሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ከሌላው ጋር ለማውራት ቁልፍ ተጭነህ ትቀይራለህ። ሻጩን «ስንት ሰው ይይዛል?» አትበለው። «ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እርስ በርስ ይሰማማል?» በለው።

አንተ የአንዱን ኩባንያ፣ ባልደረባህ የሌላውን እንዳትገዙ። የተለያዩ ኩባንያዎችን ዕቃ ማያያዝ ይቻላል ይሉሃል። አዎ፣ ብዙዎቹ ይያያዛሉ። ግን አንዱ ሌላውን እንደ ስልክ ቆጥሮ ነው የሚይዘው። የስልክህ ቦታ ይያዛል፣ ርቀቱ ይቀንሳል፣ በተጠፋፋችሁ ቁጥርም ጣጣ ነው። ሜሽ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ኩባንያ ሜሽ ከሌላው ይግባባል ብለህ እንዳትገዛ። ዎኪቶኪም ይሻላል የሚልህ ሰው አይጠፋም። እሱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው፣ ራስህን ነገር ውስጥ አታስገባ። በጣም ከተራራቃችሁ ስልክ ተደዋወሉ። የኢንተርኮሙ ማይክና ስፒከር ለስልክም ይሠራል።

ወደ ንፋሱ ልምጣ። ብዙ ሰው ዕቃውን የሚጥለው በዚህ ሳቢያ ነው።

የምትሰማው ንፋስ በአመዛኙ የአንተ አይደለም። የባልደረባህ ማይክ የሚልክልህ ነው። አንተ ድምፅ በጨመርክ ቁጥር ንፋሱም አብሮ ይጨምራል። ለማረጋገጥ እየሄዳችሁ ባልደረባህ ማይኩን ለጥቂት ጊዜ ይዝጋው። ሹሹታው ከጠፋ ጥፋቱ የእሱ ማይክ ነው። ካልጠፋ የራስህ ሄልሜት ንፋስ እያስገባ ነው፤ መስታወቱን በደንብ ዝጋ። በነገራችን ላይ ሌሎቹንም ችግሮች በጆሮህ መለየት ትችላለህ። ቃሉ እየተበጣጠሰ ከመጣ ሬዲዮው ነው። ቃሉ ሙሉ ሆኖ ከጀርባው ሹሹታ ካለ ማይኩ ነው። ድምፁ ንጹህ ሆኖ ቀጭንና ሩቅ ከሆነ ስፒከሩ ከጆሮህ ርቋል።

ማይኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዘንግ አለው፤ ለክፍት ሄልሜት ነው። ሌላው በቀጭን ሽቦ የሚመጣ ትንሽ ማይክ ነው፤ አገጭ ለሚሸፍን ሄልሜት። የእናንተ ሁለተኛው ነው የሚያስፈልገው። የተዋሳችሁት ባለ ዘንግ ከሆነ አገጭ መሸፈኛው ውስጥ ታጥፎ ወደ ጉንጭ ዞሮ ይሆናል። ያኔ አፍህን ትቶ ንፋስ ነው የሚያዳምጠው።

ትንሹን ማይክ የአገጭ መሸፈኛው ውስጥ፣ ልክ ከአፍህ ፊት ለፊት ለጥፈው። ከንፈርህን ሊነካ ምንም የማይቀረው ቢሆን ጥሩ ነው። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ላይ እንዳትለጥፈው፤ ቀዳዳው መሃል ላይ ከሆነ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው። ስፖንጁን አታውልቅ። ስፖንጅ የሌለው ማይክ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ለምንም አይሆንም። ከዚያ ወገኑን እይ። ብዙዎቹ ማይኮች ላይ ነጥብ ወይም ቀስት አለ፤ እሱ ወደ አፍ መዞር አለበት። ድምፅ አጣሪ ማይክ ከፊት የሚመጣውን ከኋላ ከሚመጣው ጋር አነጻጽሮ የጋራውን ይቀንሳል። ከገለበጥከው ንግግርህን ይቀንስና ንፋሱን ይልካል። ይህን አንዲት ነገር ብቻ አዙሮ የዳነ ኢንተርኮም ብዙ ነው።

ስፒከሩ ደግሞ የጆሮ ቀዳዳህ ትክክል ላይ መዋል አለበት። በአንድ ጣት ስፋት ቢሳሳት ድምፁ ግማሽ የሆነ ይመስልሃል። ሄልሜቱን አጥልቀህ ጆሮህ የሚያርፍበትን በጣትህ ዳብሰህ አግኘው፣ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ለጥፍ። ከጆሮህ ከራቀ ከኋላው ትንሽ ስፖንጅ ደርብለት። ቦታ ከጠበበ ግን የሄልሜቱን ነጭ ጠንካራ ፎም እንዳትቆርጥ። ጭንቅላትህን የሚያድንህ እሱ ነው። ሌላ ሄልሜት ቀይር እንጂ እሱን አትንካ። ደሴ ስትደርስ ብርዱን ፈርተህ ፎጣ ጆሮህ ላይ ትጠመጥም ይሆናል። እሱም ድምፁን ይበላዋል። አንገትህ ላይ አድርገው።

ለረጅም መንገድ ያ ርካሹ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይጠቅማል። እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን ንፋሱን ስለሚቀንስልህ ንግግሩ እንዲያውም ይጠራል።

ክረምት ላይ የደሴን ዝናብና ጉም ታውቀዋለህ። ካርቶኑ ላይ «ውሃ የማይገባው» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩን ፈልግ። አይፒ67 ከሆነ አቧራ አይገባውም፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥም ለግማሽ ሰዓት ይችላል። ቁጥር ከሌለው ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን ጥንቅቅ አድርገህ ዝጋ። እርጥብ እያለም ቻርጅ አታድርግ። ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር መስታወት ላይ ሄልሜት አንጠልጥሎ መዋል ለባትሪው መርዝ ነው። ኬሚሴ ወይም ባቲ ከሄድክማ በተለይ ጥላ ፈልግለት።

ሙዚቃ ለሁለት ማጋራት የሚችሉ አሉ። አምባሰልን አምባሰል ሥር እየነዱ መስማት ደስ ይላል፣ ወላሂ። ግን ብዙ ብሉቱዞች ሙዚቃ ሲጋራ የንግግሩን ጥራት ይቀንሳሉ። ኩርባ ያለበት ላይ ዝጉት።

ሐረጎ ላይ ግን የትኛውም ዕቃ ቢገዛ አነዳዳችሁን ማስተካከል የግድ ነው። ሳትተያዩ አትንዱ። የፊተኛው ኩርባውን ከመዞሩ በፊት ፍጥነት ይቀንስ፣ የኋለኛው ይድረስበት። ያኔ ድምፁም አይጠፋም። ከፊት ያለው በአንድ ቃል ይናገር፦ «ሲኖ»፣ «ፍየል»፣ «ድንጋይ»። ባቲ መንገድ ላይ «ግመል»። ረጅም ወሬ ቀጥ ያለ መንገድ እስክትደርሱ ይቆይ። ኢንተርኮሙ ፀጥ ካለም ሁለታችሁ የምታውቁት የእጅ ምልክት ይኑራችሁ።

አሁን ሱቅ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የተዋሳችሁትን ገና ካልመለሳችሁ፣ የሁለቱንም ማይክ እንዳልኩህ አስተካክሉ። ወገኑን፣ ስፖንጁን፣ ቦታውን። ከዚያ ወደ መርሳ መሄድ አያስፈልግም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ውረዱ፣ ሜዳ ነው። መስታወት ዘግታችሁ በ60 ንዱና አውሩ። ድምፁ ከጠራ፣ ስትጠፋፉም ራሱ የሚመለስ ከሆነ፣ ባለቤቱን «ትሸጠዋለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው።