ጉንፋኑ ለቆ ማዞር ሲጀምር

ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ አሁን ደግሞ ያዞረኛል፣ ሰው ሁሉ ደም ማነስ ነው ይለኛል ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔም አምና እዚሁ ድሬ ደርሶብኛል።

ሳሉ በተወኝ በሳምንቱ ነው የጀመረኝ። ጠዋት ከአልጋ ልነሳ ስል ጣሪያው ዞረ። ግድግዳ ይዤ ሽንት ቤት ደረስኩና አስመለሰኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ቤቱ ይሽከረከራል። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። (መቼም እኛ ጋ ታይፎይድ ያልተባለ በሽታ የለም።)

የገባኝ የጆሮ ሐኪም ጋ ስሄድ ነው። ሚዛናችንን ከሚጠብቁት ዋናው የውስጠኛው ጆሮ ነው። ከዚያ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ በቫይረስ ሲቆጣ አንዱ ጆሮ ልክ፣ ሌላው የተዛባ መልእክት ይልካል፤ አንጎልም ዝም ብለሽ ተኝተሽ የዞርሽ ይመስለዋል። አንቲባዮቲክ ለዚህ ምንም አያደርግም።

የማዞሩ ክኒን የታዘዘልኝ ለሦስት ቀን ብቻ ነበር። እኔ ግን ስለተመቸኝ ከፋርማሲ እየገዛሁ ሁለት ሳምንት ዋጥኩት። ጥፋቴ ይሄ ነው። ክኒኑ ስሜቱን ያፍነዋል እንጂ አያድንም፣ ሲቆይ ደግሞ አንጎል ራሱን እንዳያስተካክል ያዘገየዋል። ሐኪሙ ተቆጥቶ አስቆመኝና እንቅስቃሴ ሰጠኝ፦ አውራ ጣትን ፊት ለፊት ይዞ፣ ዓይን ከጣቱ ሳይነቀል ራስን ግራ ቀኝ ማድረግ። ያስጠላል፣ መጀመሪያ ማዞሩን ያባብሰዋል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደግሞ የእህቴን ክንድ ይዤ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር መራመድ ጀመርኩ። በአንድ ወር ገደማ ቀለለኝ። የደንገጎ ጥምዝምዝ መንገድ ግን ሌላ ነው፣ ሐረር ስወጣ ገቢና ካልሆነ አልሳፈርም ነበር።

ያንቺ የግድ የኔ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። ስትነሺ ብቻ ብዥ የሚልብሽ ከሆነ፣ በዚህ ሙቀት ታመሽ በደንብ ሳትጠጪ ከርመሽ የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ ስትገላበጪ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሆነ፣ ጆሮ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ከቦታቸው ወጥተው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ አስተኝቶ ራስሽን እያዞረ ይመልሳቸዋል። ደምሽንም ተመርመሪ፣ አይጎዳም። አንድ ጆሮሽ ድንገት አልሰማ ካለሽ ግን በዚያው ቀን ሂጂ። ምላስ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ፣ እጅ ወይም ፊት ከዛለ፣ ወይም ቆሞ መሄድ ካቃተሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ለመሆኑ አንዴ ሲጀምርሽ ምን ያህል ይቆያል? ጆሮሽስ ይጮሃል?