«ሃርት» ልብ የማይሆንበት ጊዜ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምሠራ አንባቢያችሁ ነኝ። አንድ ሌሊት የምንከባከባቸው አዛውንት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሃርትበርን» ሲሉኝ ልባቸውን የታመሙ መስሎኝ እየሮጥኩ ነርሷን ጠራኋት፤ እሷ ግን ጥቂት ነገር ጠይቃቸው የሚታኘክ ኪኒን ሰጥታቸው ሄደች። በሌላ ጊዜ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ የዕረፍት ቀኔን እንድለውጣት ስትለምነኝ «ሃቭ ኤ ሃርት» አለችኝ፤ «ልብ ግዢ» ብላ የሰደበችኝ መስሎኝ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ለመሆኑ ይህ ቃል ልብ የሚሆነው መቼ ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ ነርሷን መጥራትዎ ስሕተት እንዳልነበረ ይወቁልን። «ሃርትበርን» እኛ ቃር የምንለው ነው። ቃሉ ሲፈታ «ልብ» እና «ቃጠሎ» ይሁን እንጂ ልብ በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ የምግብ ቧንቧን ሲለበልብ ሕመሙ ከደረት አጥንት ኋላ፣ ልብ አካባቢ ስለሚሰማ ስሙን ያገኘው ከጎረቤቱ ነው። ይሁንና እውነተኛ የልብ ሕመምም አንዳንድ ጊዜ ልክ እንደ ቃር ስለሚሰማ፣ ደረታቸውን የያዙ አዛውንት አጠገብ ቆሞ ቃል ከመተርጎም ነርስ መጥራት ይሻላል።

ባልደረባዎ ግን አልሰደበችዎትም። «ሃቭ ኤ ሃርት» ማለት «እባክሽ እዘኚልኝ» ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሃርት በምሳሌያዊ ፍቺው ከሁሉ በፊት የርኅራኄና የፍቅር ማደሪያ ነው፤ የእኛ ልብ ደግሞ ከዚያ በተጨማሪ ያስባል፣ ያስተውላል፣ ያስታውሳል። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልብ አላልኩም» የሚል ሰው ነገሩን ሳያየው አልፏል፤ ከአእምሮ የፈለቀ ታሪክም «ልብ ወለድ» ይባላል። ጨው ግዛ ተብሎ ተልኮ ክብሪት ይዞ የተመለሰ ልጅ እናቱ «አንተ ልብ የለህም» ብትለው ዝንጉነቱን መናገሯ ነው። ይህንኑ «ሃርትለስ» ብለን ብንተረጉመው ግን ክብሪት ያመጣው ምስኪን ልጅ ጨካኝ ሆኖ ቁጭ ይላል። በአንጻሩ «ቢግ ሃርትድ» የተባለ እንግሊዛዊ ቸርነቱ ተመሰገነለት፤ በእኛ ዘንድ ልቡ ያበጠ ሰው ትዕቢተኛ ነው።

እንግሊዝኛው ለሃርት የሰጠውን የስሜት ሥራ አማርኛ ብዙ ጊዜ የሚያሠራው ሆድን ነው፤ በእኔ አስተያየት ተማሪዎች የሚሳሳቱትም ይህን ስለሚረሱ ነው። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፣ በትንሽ ነገር የሚከፋ ሆደ ባሻ ይባላል፣ ብዙ የሚችል ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው። ሁለት ወዳጆች ቡና ይዘው ምስጢራቸውን ሲገላለጡ እንግሊዝኛ «ሃርት ቱ ሃርት» ተነጋገሩ ሲል እኛ የሆድ የሆዳቸውን ተጫወቱ እንላለን። የከተማ «ሃርት»ም ቢሆን እኛ ዘንድ እምብርት ሆኖ ወደ ሆድ ይወርዳል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበትም ቦታ አለ፤ ከልብ ማመስገንና የልብ መሰበር ቃል በቃል ቢተረጎሙ ጉዳት የላቸውም። «ሉዝ ሃርት» ተስፋ መቁረጥ፣ «ቴክ ሃርት» ደግሞ አይዞሽ መሆኑን ብቻ ይያዙ። በባልደረባዎ ላይ የነበረዎትን ኩርፊያ ቢተዉ ያ «ቼንጅ ኦፍ ሃርት» ይባላል፤ ሐሳብን መለወጥ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ለርን ባይ ሃርት» በቃል ማጥናት ነው ተብለን ተምረናል። ሃርት ስሜት ከሆነ ማስታወስ ከየት መጣበት?

መልስ፦ ጥያቄህ መልካም ነው፤ ከላይ የጻፍነውንም በጥቂቱ ያርመዋል፤ የእንግሊዝኛው ሃርትም ድሮ እንደ እኛ ልብ ያስብ ነበርና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው አርስቶትል የማስተዋል ማደሪያ አንጎል ሳይሆን ልብ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ይህ አስተሳሰብ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ተከታይ አላጣም። «ባይ ሃርት» የሚለው አነጋገር በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ቢያንስ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይገኛል፤ ፈረንሳዮችም ዛሬ ድረስ በቃል የያዙትን ነገር «ፓር ከር»፣ በልብ፣ ይሉታል። በላቲን ልብ «ኮር» ይባላል፤ መዝገብ የምንለው «ሬኮርድ» የተገኘው ከዚሁ ቃል ሲሆን መነሻ ፍቺውም ወደ ልብ መመለስ፣ ማስታወስ ነበር። ጀግንነት የሚለው «ከሬጅ»ም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ልበ ሙሉ ለምንል ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ወደ አማርኛ ስትመልሰው ግን ተጠንቀቅ። «ግጥሙን በልቡ አጠናው» ብለህ ብትጽፍ አንባቢህ ልጁ ድምፁን ሳያሰማ ያጠና ይመስለዋል፤ በልብ መጸለይ፣ በልብ መሳቅ እንደምንለው። አንተ ልትል የፈለግከው ልጁ ደብተሩን ዘግቶ፣ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ እንደሚወጣው ከሆነ «በቃሉ ያዘው» በል።